«ይቀጥል?»

ሜይንፍሬም የሚባለው የመሥሪያ ቤቱ ትልቅ ኮምፒውተር ነገር ሲቸግረው የሚጠይቀው ሰው ነበረው፤ ኦፕሬተሯን። ቴፕ ይቀየር? ሥራው ይቀጥል? ሴትዮዋ በዚያ ብርዳም ክፍል ሹራብ ደርበው ይቀመጡና ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ብቅ ባለ ቁጥር መልሱን ይጽፋሉ። ሰውም ቢሆን ለጠየቃቸው ሁሉ እሺ ስለሚሉ፣ በሌሉበት «እትዬ እሺ» ይባላሉ። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም፤ የቀረቻቸው ያቺ ወንበር ነበረች።

ኮምፒውተሩ ዕድሜውን ሙሉ «ኦፕሬተር፣ መልስ ስጥ» እያለ እንደ ወንድ ሲያዛቸው ኖሯል። አዲስ የተቀጠረው ፕሮግራመር መጣና ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ በጻፈው ፕሮግራም «እትዬ፣ እባክዎ መልስ ይስጡ» አስባለው። ሲያነቡት ዕንባቸው መጣ። ከዚያ ወዲህ ወንበር ስቦ አጠገባቸው እየተቀመጠ «እትዬ፣ ይሄን ሲጠይቅዎ ለምን እንዲህ መለሱለት?» ይላቸዋል፤ እሳቸውም የሚያውቁትን አንድም ሳያስቀሩ ያስረዱታል። ብልጥ ሰው ሲያቆላምጣችሁ ደስ አይበላችሁ! ለካ እንደዚያ ጆሮውን ሰጥቶ የሚሰማቸው፣ እያንዳንዷን መልሳቸውን ፕሮግራሙ ውስጥ ሊከታት ኖሯል።

አንድ ጠዋት ስክሪኑ እንዲህ አለ፦ «እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ መልሱን ሁሉ እኔው ራሴ እሰጣለሁ። ኦፕሬተር አያስፈልግም። ይቀጥል?»

ደግመው አነበቡት። «አይቀጥል» ብለው ጻፉ።

«መልስዎ አልገባኝም። እትዬ፣ እባክዎ እንደገና ይስጡ።»

«አይቀጥል።»

«መልስዎ አልገባኝም። እትዬ፣ እባክዎ...»

ኮምፒውተሩ መልስ እየጠበቀ ስለቆመ ታች ሥራው ሁሉ ቀጥ አለ፤ ባለጉዳይ በየመስኮቱ ተኮለኮለ። አለቃቸው ስልክ ደውሎ ጮኸባቸው፦ «ምን ነካሽ ሴትዮ! ይቀጥል በይውና ገላግይን እንጂ!»

በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ ሳይሉ ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ፕሮግራመሩ ጋ ደወሉ።

«ልጄ፣ አይቀጥል ስለው አይገባውም እኮ።»

«እሱን አልጻፍኩበትም፣ እትዬ» አለ። ድምፁ ላይ ክፋት እንኳ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻል ነበር። «ያስፈልጋል ብዬ አላሰብኩማ። እርስዎ መቼ እምቢ ብለው ያውቃሉ?»

ስልኩን አስቀመጡ፣ መነጽራቸውን በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉ፣ በአንድ ጣታቸው ፊደሉን እየለቀሙ «ይቀጥል» ብለው ጻፉ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለ ስክሪኑ። ይቺንም ቃል ልጁ የወሰደው ከእሳቸው አፍ ነበር።