ዓሣ ኮቴ ይሰማል

ልብስ ሰፊው ቁጥብ ሰው ነው፤ ስለ ዓሣ ከጀመረ ግን ማቆሚያ አልነበረውም። ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጦ፣ መንጠቆ ላይ የላባ ቁራጭ በሐር ክር እየጠመጠመ፣ ውሃ ላይ ሲያርፍ ቁርጥ ዝንብ የሚመስል ማጥመጃ ይሠራል። ሱሪውን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ የዓሣ ትምህርት ተምሮ ይሄዳል።

«ዓሣ ፊቱን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሮ ነው የሚቆመው፤ ምግቡ ከዚያ ነዋ የሚመጣለት! ስለዚህ ከኋላው ነው መጠጋት። ጎኑ ላይ ደግሞ እንደ ስፌት የተሰመረ መስመር አለው፤ የውሃውን ንዝረት የሚያዳምጠው በእሱ ነው። ብታወራ ግድ የለውም። ስትረግጥ ነው የሚበረግገው።»

አብሮት የሚያጠምደው ታላቅ ወንድሙ መካኒኩ ነበር፤ ግዙፍ፣ ሳቁ ሰፈር የሚቀሰቅስ፣ እግሩ የከበደ ሰው። እሱ ወንዝ ውስጥ ከገባ ዓሣ የተባለ ሁሉ ድራሹ ይጠፋል።

«ጋሼ፣ በፈጠረህ ቀስ በል!»

«ምን ላድርግ? ክንፍ ላብቅል?»

አንድ ማለዳ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ አንድ ትልቅ ዓሣ አፉን ብቅ እያደረገ ዝንብ ሲለቅም አዩ። ልብስ ሰፊው ተንበርክኮ ክሩን ሊወረውር ሲል፣ ከኋላው የወንድሙ ቦት ጫማ የተረከዝ ብረት ድንጋዩን ቀጭ አደረገው። ዓሣው ብን አለ።

ልብስ ሰፊው ደሙ ፈላ። «ወይ ያንን ብረት አውልቅ፣ ወይ ቤትህ ተቀመጥ! ሁሌ አንተ!»

መካኒኩ በዚያን ቀን አልሳቀም። ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ፈታ፤ በባዶ እግሩ፣ እንደ ሌባ እየተጠነቀቀ፣ የሚያዳልጠው ድንጋይ ላይ ወጣ።

ልብስ ሰፊው ጀርባውን ሰጥቶት ነበር። ጩኸት አልሰማም። ውሃው ብቻ አንዴ ቧ አለ። ትልቅ ዓሣ የዘለለ መስሎት ደስ ብሎት ዞረ።

ወንድሙ የለም። ባርኔጣው እየተሽከረከረ ይወርዳል።

የልብስ ሰፊውን ጩኸት የሰማ የሰፈር ሰው ሁሉ ከታች ወዳለው ድልድይ ሮጠ። እሱ ግን ወንዙ የተሸከመውን የሚያሳርፍበትን ቦታ ያውቅ ነበር፤ ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ፣ ውሃው የሚረጋበት፣ ሁልጊዜ የላባ ዝንቡን የሚጥልበት። እጁን እስከ ትከሻው ሲሰድ አንድ ኮሌታ ጨበጠ። ራሱ የሰፋው ኮሌታ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ፣ ለቀስተኛው ሲበተን፣ የወንድሙ ሚስት ጠራችው።

«ጫማውን ለምን አወለቀ?»

አላውቅም ማለት ይችል ነበር። ሌላ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«እኔ ነኝ ያስወለቅሁት፣ እትዬ። ዓሣ አስበረገግክብኝ ብዬ።»



«ለዓሣ?» አለች።

አልጮኸችም፣ አልረገመችውም። ተነስታ በሩን ከፈተችለት፤ እሱም ወጣ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስታየው ማዶ ትሻገራለች። እሱም ማጥመዱን ተወ፤ ደንበኛ ስለ ዓሣ ሲያነሳበት የስፌት መኪናውን መርገጥ ይጀምራል።

የክረምቱ መጨረሻ ላይ የሟቹ ትልቋ ልጅ የተቀደደ የትምህርት ቤት ቀሚስ ይዛ መጣች። ሌላው ልብስ ሰፊ ታሞ ሱቁን ዘግቶ ነበር።

«ግቢ እንጂ፣ የኔ ልጅ» አላት።

«እዚሁ እጠብቃለሁ።»

ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀች። እሱ ቀዳዳው እስኪጠፋ ድረስ አሳምሮ ሰፋላት፤ ክሩን በጥርሱ በጥሶ ዘረጋላት። እጁን ሳትነካ ተቀብላው ሄደች።