ለኢብራሂም ያጣሁለት ቁጣ

ትናንት እዚህ ሀርጌሳ፣ ኢትዮጵያ የተማረ አንድ ወጣት ሐኪም ጉልበቴን ጫን ጫን እያደረገ «ያምዎታል?» አለኝ። የድሮ የኳስ ጉዳት ነው አልኩትና ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ግን የተጎዳሁበትን ጊዜ እያሰብኩ ሄድኩ።

ሀርጌሳ የመጣሁት ግንበኛ ሆኜ፣ ገና ጢሜ ሳይሞላ ነበር። ዓርብ ጠዋት ሥራ ስለሌለ ዳሚ ሰፈር ውስጥ ኳስ እንጫወታለን። ሜዳው ጠጠሩ የተለቀመለት አቧራ ነው። በረኛችን ኢብራሂም የሀርጌሳ ልጅ ቢሆንም ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ከእኔ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ልምምድ ላይ ለአንድ ኳስ ሁለታችንም ሮጥንና ሙሉ ክብደቱ ጉልበቴ ላይ አረፈ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ሕመሙ የመጣው ቆይቶ ነው።

ጅማቱ መበጠሱን፣ ከእንግዲህ ኳስ እንደማልጫወት ሐኪም ቤት ሲነግሩኝ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስል ሰማኋቸው።

ኢብራሂም ሠራተኞች ተደራርበን ከምንተኛበት ክፍል አውጥቶ 31 ሜይ የሚባል ሰፈር ወዳለው የእናቱ ቤት ወሰደኝ። እናቱ ጠዋት ጠዋት በሰሊጥ ዘይትና በስኳር የራሰ ላሖህ የሚሉትን ስስ እንጀራ፣ ሲመሽ የግመል ወተት ታቀርብልኛለች። እበላለሁ፤ ጣዕሙን ግን ልብ አልለውም። እሱ ከሥራ ሲመለስ እግሬን ቀስ አድርጎ ያጥፋል፣ ይዘረጋል። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። ዝናቡ መጣ፣ ቆርቆሮውን ደበደበ፣ ሄደ።

አንድ ቀን እግሬን እንደያዘ «ለምን አትቆጣኝም?» አለኝ።

«ሆን ብለህ አላደረግከው።»

«ቢሆንም። ስደበኝ እንኳ።»

ፈለግኩለት። የምሰድብበት ቁጣ አጣሁ።

ጨዋታ መተዉን የነገረችኝ እናቱ ናት፤ በተሰባበረ አማርኛዋ «ኢብራሂም ኳስ የለም፤ ዓርብ መተኛት» አለችኝ። በሚቀጥለው ዓርብ ምርኩዜን ይዤ ሜዳ ውሰደኝ አልኩት። በአላህ ተወኝ ብሎ ለመነኝ፤ አልተውኩትም።

እሱ በረኛ ቆመ፣ እኔ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ኳሷ ተንከባልላ እግሬ ሥር ቆመች። ሁሉም እንድመልሳት ጠበቁ። ጎንበስ ብዬ በእጄ አነሳኋትና ወረወርኩለት። ደረቱ ላይ አቀፋትና ፊቱን አዞረ።

አሁን ሁለታችንም ሸብተናል። ኢብራሂም ለልጅ ልጆቹ «ይቅር ያለኝ ሰው ነው» እያለ ያስተዋውቀኛል። ይቅር ለማለት መጀመሪያ መቆጣት ነበረብኝ፤ እኔ ዘንድ ግን ያኔ ቁጣም ሌላም ስሜት አልነበረም። ይህን ልነግረው አስብና፣ ሲያስተዋውቀኝ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ አይቼ እተወዋለሁ።