ቀድሞ የሞላው ቁና

ልጅ ሳለሁ አንድ ዓመት የአያቴ ጓሮ ባቄላ ከልክ አለፈና ደባርቅ ያለው ሰፈራችን በሙሉ ባቄላ ማየት ሰለቸው። አያታችን አባባ ምትኩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተራራውን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን ጓዝ በበቅሎ እየጫኑ ከደባርቅ ተራራው ላይ እስካለው ጨነቅ ሲመላለሱ ኖረው፣ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ነው ጓሯቸው ውስጥ የተቀመጡት። ለዓመታት የተከመረውን የበቅሎ ፍግ በትነው ባቄላ ዘሩበት። ክረምቱም ደግ ሆነ። በመስከረም እሸቱን በላን፣ ቀቀልን፣ ጠበስን፣ ለደብሩ ካህናት በእንቅብ ላክን፣ ለጎረቤት አደልን፤ ጓሮው ግን የተነካም አይመስልም ነበር። አንድ ቀን እኔና የአጎቴ ልጅ ውባለም እንደገና እንቅብ ተሸክመን ስንሄድ፣ ጎረቤታችን እትዬ ያልጋ በሩን ገርበብ አድርገው ጭንቅላታቸውን ብቻ ብቅ አደረጉ።

«ልጆች፣ ለአባባ እግዜር ይስጥልኝ በሉልኝ፤ ግን ይብቃኝ። ልጆቼ እንደ ከበሮ ተነፍተው ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ነው የምሰማው!»

ውባለም መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ቤት ስንደርስም የእትዬ ያልጋን ድምፅ እያስመሰለች ለአባባ አወራችላቸው። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር። እሷ እናትና አባቷ ርቀው ስለሚኖሩ እዚያው አባባ ጉልበት ላይ ያደገች ናት፤ እኔ የምኖረው አጥሩን ተሻግሮ ነው፤ ደግሞም ትልቅ ሰው ፊት ሳይጠይቁኝ እንዳልናገር፣ ቀና ብዬም እንዳላይ ተነግሮኝ ያደግሁ ልጅ ነኝ።

በጥቅምት ያልታሰበ ዝናብ መጣ። ሊደርቅ የተቃረበው ባቄላ በግንዱ ላይ እንዳለ መጥቆር ጀመረ፤ ስለዚህ እርጥቡ ሁሉ ተለቅሞ ቤት ገባና ከመደቡ እስከ ምሰሶው ድረስ ተከመረ። ሳይበሰብስና ሳያበቅል በእጅ መፈልፈል ነበረበት። አባባ ያኔ የዘየዱት ዘዴ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ምሽት ምሽት እኔን፣ ውባለምንና ሁለት ሦስት የጎረቤት ልጆችን እሳቱን አስከብበው ለያንዳንዳችን እህል የሚሰፈርበት ቁና ይሰጡናል። ቁናውን ቀድሞ የሞላ ልጅ «ሞላሁ!» ብሎ ይጮኻል፤ የዚያ ምሽት ተረት ጀግና በእርሱ ስም ይጠራል። መጮኹ ግድ ነበር፤ የአባባ ዓይን ለዓመታት በፀሐዩና በብርዱ ደክሞ፣ በኩራዝ ብርሃንና በባቄላው አገዳ ጢስ ውስጥ የማንን ቁና እንደሚያዩ አይለዩም።

እርጥብ የባቄላ ልጣጭ ጣት ያጠቁራል። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ ሁላችንም ጣታችን ቀለም የነከርን እንመስል ነበር፤ ከሁላችን ግን የሚጠቁረው የውባለም ነው። በየምሽቱ «ሞላሁ!» የምትለው እሷ ናት። ጅብን አታልላ በቅሎዋን ያስመለሰችው ውባለም ናት፤ የጊችን መንደር ገብስ የዘረፉትን ጭላዳ ዝንጀሮዎች በዘፈን ያስማረከችው ውባለም ናት። አባባ ስሟን ሲጠሩ ፍሙ ፊቷ ላይ ይደምቃል፤ ወይም ያኔ ለእኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴም ወደ እኔ ዘወር ትልና «አንቺ ታንጉት፣ እየፈለፈልሽ ነው ወይስ ባቄላውን እያስተኛሽው?» ትለኛለች፤ ልጆቹ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቤቴ ገብቼ ስተኛ ግን ተረቱን ከመጀመሪያው አንስቼ ስሟን አወጣና ስሜን እከትበታለሁ። አልገጥም ይለኛል። በአባባ ድምፅ ያልተጠራ ስም ተረት ውስጥ ገብቶ አይቆምም። ቅናት መሆኑን ያኔ አላወቅሁትም፤ ደረቴ ላይ ያልተቆረጠመ ባቄላ የተሰነቀረ ይመስለኝ ነበር።

ክምሩ እያነሰ ሲመጣ ፈራሁ። ሌላው ሰው ሁሉ ባቄላው ባለቀ ይላል፣ እኔ ስሜ ሳይጠራ እንዳያልቅ እሳላለሁ። እናቴን ለምኜ አባባ ለቤታችን ከሰጡን ባቄላ ላይ ቀን ቀን እየፈለፈልሁ ተለማመድሁ፤ ልጣጩን በአውራ ጣት ጥፍር ከጫፉ ሰንጥቆ በአንድ ጊዜ ማራገፍ ቻልሁ። የመጨረሻው ምሽት ደረሰ። ቀና አላልሁም፣ ከማንም ጋር አልሳቅሁም። አንድ ጊዜ እጄን ወደ ቁናው ስመልስ ባቄላው ከአፉ አልፎ ጭኔ ላይ ተንከባለለ።

ሞልቶ ነበር። የውባለምን ቁና አየሁት፤ ገና አንድ ጭብጥ ይጎድለዋል።

አፌን ከፈትሁ። አባባ እሳቱን እያዩ ይጠብቃሉ። ያቺን አንዲት ቃል ማውጣት አቃተኝ። ምናልባት እሳቸው ራሳቸው ዞር ብለው «ታንጉቴ፣ ሞላሽ?» ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቁናውን በሁለት እጄ ትንሽ ወደ ብርሃኑ ገፋሁት። አላዩትም።

«ሞላሁ!» አለች ውባለም።

የዚያ ምሽት ተረት ከሁሉም የበለጠው ነው። አንዲት ልጅ በቅሎ እየሳበች አምባራስ በሚባለው ገደላማ አገር ጉም ይውጣታል፤ እግሯን ማየት እንኳ ይሳናታል። የምትይዘው ስታጣ ትቆምና የገዛ ስሟን ትጣራለች። ገደሉ ስሟን ይመልስላታል። ቶሎ ከመለሰ ገደሉ ቅርብ ነው፣ ፊቷን ታዞራለች፤ ዘግይቶ ከመለሰ ትራመዳለች። እንዲህ ስሟን እየጠራች ቤቷ ትገባለች። አባባ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ውባለም!» ብለው ይጣራሉ፤ እኛ ልጆቹ ገደል ሆነን እንመልሳለን። ሌሎቹ ጮኸው ሲመልሱ እኔም የሞላ ቁናዬን ታቅፌ «ውባለም…» አልሁ።

አባባ ያለፉት ባቄላው እንደገና ሳይዘራ ነው። ከዚያ ወዲያ ተረታቸውን የሰማ የለም።

እኔ ተማርሁ፤ ዳባት መምህርት ሆንሁ፤ አገባሁ። የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ ባለቤቴ ስም ምረጪ አለኝ፣ «ውባለም» አልሁ። ዘመድ ሁሉ ተገረመ። የአጎቴ ልጅ ክርስትናው ላይ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፤ እንዲህ ትወጂኝ ነበር እንዴ እያለች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ልጄን የምትጠራት «ሞክሼዬ» ብላ ነው። እኔም አንገቴን ደፋሁ፤ ሰው ትሕትና መሰለው። እወዳታለሁ፣ እሱ ውሸት አይደለም። ስሙን የወሰድሁት ግን ስለወደድኋት አልነበረም። ያ ተረት ውስጥ የሚገባው ስም ቤቴ እንዲኖር፣ የእኔ እንዲሆን፣ በፈለግሁ ጊዜ የምጠራው እኔ እንድሆን ነው። ይህን ለባለቤቴም ነግሬው አላውቅም።

ዘንድሮ የአባባን ጓሮ የያዘችው የአጎቴ ልጅ ውባለም ናት፤ ባቄላውም እንደዚያን ዓመት ከልክ አልፎባት በኬሻ ጭና ዳባት ድረስ ይዛልኝ መጣች። «ደባርቅ ውስጥ ያልሰጠሁት ሰው የለም፤ ሰው መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሸሸኛል» እያለች ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። ተቀምጠን ስንፈለፍል የጉሙን ተረት ለልጄ አወራንላት፤ ትልቋ ውባለም ስትጣራ፣ እኔ ስመልስ። ልጄ ጠቆር ባለ ጣቷ ጉንጯን እያከከች ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ አንቺስ ተረቱ ውስጥ የለሽም?»

«እናትሽ?» አለች ውባለም እየሳቀች። «ሞክሼዬ፣ እናትሽ እኮ አንድም ቀን ሞልታ አታውቅም!»

በዚህ ዕድሜዬ ያ ባቄላ ደረቴ ላይ ተመልሶ ሲሰነቀር ተሰማኝ። ልጄ መልስ እየጠበቀች ታየኛለች። ፈገግ አልሁና ሌላ ባቄላ አነሳሁ።

ይህን ሁሉ የማስበው አሁን፣ ሁለቱ ከተኙ በኋላ ነው። ከአባባ ጅብና ጭላዳ ይልቅ የቀረችልኝ ጉም ውስጥ የገዛ ስሟን መጥራት የማታፍረው ልጅ ናት። ልጄ ነገ መልሳ መጠየቋ አይቀርም፤ ውባለምም ገና አልሄደችም። አፌ እንደገና ቢታሰር እንኳ እዚህ ልጻፈው።

አባባ፣ ታንጉት ነኝ። ሞላሁ።