የሐሙሱን ሳልናገር

መጀመሪያ የተሰማኝ ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ሳደርግ ነው። ክንዴን እየታጠብኩ ሳለ ደረቴ መሀል ከባድ ነገር የተቀመጠብኝ መሰለኝ። ግራ መንጋጋዬ ደነዘዘ፤ ላብ አጠመቀኝ። ዐሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ለቀቀኝና ሰግጄ ወደ ሽንኩርት ማሳዬ ሄድኩ። በዚያው ቀን ከሠራተኞቹ ጋር ኩንታል ተሸክሜ መኪና ላይ ጫንኩ፤ ምንም አልሆንኩም። ልቡን የታመመ ሰው ኩንታል አይሸከምም ብዬ ጨጓራ ነው አልኩ። ሁለት ሳምንት ተልባ ጠጣሁ።

ሕመሙ ሁልጊዜ ንጋት ላይ፣ ሁልጊዜ ዐርፌ ሳለሁ ነው የሚመጣው። ሸዋ ሮቢት የልብ ምት የሚያነበውን ኢሲጂ ተነሣሁ፤ ሐኪም ቤት እስክደርስ ሕመሙ ስለሚለቀኝ ወረቀቱ ደህና ነህ ይላል። ባለቤቴ ፋጡማ ግን አላመነችም፤ እየጎተተች አዲስ አበባ ወሰደችኝ። የልብ ሐኪሟ ልጄን የምታህል ሴት ነበረች። ሲጋራ፣ መጠጥ፣ ጫት እያለች በተራ ጠየቀችኝ። ሦስቱንም የለም አልኳት።

የዋሸሁ አልመሰለኝም። በኛ ቀዬ ቃሚ የሚባለው ሾፌርና ሥራ ፈት ጎረምሳ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በየተራ ቤታችን ተሰብስበን ዱዓ ስናደርግ 'እንያዝ' ብለን የምንቅመውን ጫት ከዚያ ጋር ቆጥሬው አላውቅም። ደግሞስ ለዚች ልጅ የዱዓችንን ነገር ምን ብዬ ላስረዳት? ፋጡማ ቀና ብላ አየችኝ።

በእጅ አንጓዬ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው የልብን ደም ሥሮች የሚያሳየውን አንጂዮግራፊ ሠሩልኝ።

"ጋሼ ሰይድ፣ የልብዎ ደም ሥሮች ክፍት ናቸው፤ የጠበበ አላየሁም" አለችኝ። "ግን አልጨረስንም። ሕመሙ ከተመለሰ፣ ሳይለቅዎ ኢሲጂ ይነሡ።"

እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርደን ቤት ስንገባ ጎረቤቶቼ ለምስጋና ዱዓ ተሰብስበው ጠበቁኝ። ዱዓውን የሚመሩት ሸህ ኑሩ ከሁሉ የለመለመውን እስር ጫት መርቀው ሰጡኝ። የዚያን ቀን ያህል ይዤ አላውቅም።

በማግሥቱ ንጋት ላይ መጣ። ይሄኛው አልለቀቀም። ፋጡማን ልጠራ ሞከርኩ። ድምፄ አልወጣም። ወደቅኩ። ባጃጅ ውስጥ ነቃሁ። ፋጡማ ታለቅሳለች። አየኋት። ምንም አልተሰማኝም። የሌላ ሰው ሚስት የምታለቅስ መሰለኝ።

ሆስፒታል ሕመሙ ሳይለቀኝ ኢሲጂ አነሡኝ፤ መስመሩ ከቦታው ወጥቶ ነበር። ነርሱ ከምላሴ ሥር ናይትሮግሊሰሪን የሚባል ክኒን አደረገልኝ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ደረቴ ቀለለኝ፤ እንደገና ሲያነሡኝ መስመሩ ወደ ቦታው ተመልሷል። የሁለቱን ወረቀቶች ፎቶ ለአዲስ አበባዋ ሐኪም ላኩላት። ደወለች።

"ጋሼ ሰይድ፣ ትናንት ምን ሲያደርጉ ዋሉ?"

"ዱዓ ላይ ነበርኩ።"

"ዱዓው ላይ ምን ነበር?"

ፋጡማ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና "ጫት። በየሳምንቱ" አለቻት።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። በሽታው ኮሮናሪ ስፓዝም እንደሚባል ነገረችኝ። ደም ሥሩ አልተደፈነም፤ በድንገት ተኮማትሮ ይዘጋል፤ ሲፈታ ግን ምልክት አይተውም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር የልብን ደም ሥር እንደሚያኮማትር ተመራማሪዎች ጽፈዋል አለችኝ። "ዳግመኛ ጫት ከቃሙ፣ በሚቀጥለው ላይነሡ ይችላሉ።" ደም ሥሩን የሚያላላ ዲልቲያዜም በየቀኑ እንድወስድ፣ ናይትሮግሊሰሪን ከኪሴ እንዳይጠፋ አዘዘች።

ሕመሙ መድኃኒቱን በጀመርኩ በሳምንቱ ቀረ፤ አብሮት ሌላም ነገር ቀረብኝ። ትልቋ ልጄ ወልዳ ሕፃኑን ስትሰጠኝ እንደ ሰው ዕቃ ተጠንቅቄ ይዤው ቆየሁና መለስኩላት፤ የዘራሁት ማሾ ያን ዓመት ከጠበቅነው በላይ ምርት ቢሰጥም እሱም ደስ አላለኝም። ሐሙስ ሲደርስ የዱዓው ድቤ ከጎረቤት ይሰማኛል። ባዶ እጄን መሀላቸው መቀመጥ ዱዓቸውን መናቅ ስለመሰለኝ በሬን ዘግቼ እተኛለሁ። ኮራብን ይሉኛል ብዬ አስባለሁ፤ ይበሉ ብዬም እተወዋለሁ።

በአራተኛው ወር አንድ ሐሙስ ከዙሁር በኋላ ሸህ ኑሩ ሰዎቹን አስከትለው ቤቴ ገቡ። ፋጡማ ሁሉንም ነግራቸው ኖሯል። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ያለ ጫት ዱዓ ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም። ያን ቀን የያዙት አንድ ፌስታል ተምር ብቻ ነበር።

"ሸህዬ፣ ጫቱስ?" አልኳቸው።

"አንተን የሚገድል ይዘን ላንተ ዕድሜ እንለምን?" አሉኝ። "ያን እስር የሰጠሁህ እኔ ነኝ። አውፍ በለኝ፣ ልጄ።"

"እርስዎ ምን አጠፉ? ሐኪሟ ጠይቃኝ ነበር፤ የደበቅኩት እኔ ነኝ" ልላቸው ጀመርኩና መጨረስ አቃተኝ። አለቀስኩ። ከታመምኩ ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነበር። እስክጨርስ ጠበቁኝ፤ ከዚያ ዱዓው ተጀመረ።

እንደኔ ለምትታመሙ የምለው ጥቂት ነው። ደረታችሁን ንጋት ላይ፣ ዐርፋችሁ ሳላችሁ የሚይዛችሁ ከሆነ ጨጓራ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ ሕመሙ ሳይለቅ ሐኪም ቤት ድረሱ። ናይትሮግሊሰሪን ስትወስዱ ተቀመጡ፤ ያዞራል። መድኃኒቱን ሻለኝ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። ለሐኪሟም፣ ለነርሱም፣ ለጎረቤቶቼም አላህ ጤና ይስጥልኝ። ፋጡማን እንዴት አድርጌ እንደማመሰግናት እስካሁን አላወቅኩም። እኔ አሁንም ሐሙስ ሐሙስ መሀላቸው እቀመጣለሁ፤ ተምሬን እበላለሁ። እናንተም ሐኪም ሲጠይቃችሁ የሐሙሱንም ንገሩ።