የተጠማችው ላም

ጭቃ አይደለም የሚያስጸይፈኝ። ያደግሁት ጭቃ ውስጥ ነው፤ ትምህርት ቤት የተመዘገብሁትም እኩዮቼ ልጆቻቸውን ሲያስመዘግቡ ነው። ያስጸየፈኝ ጭቃው ውስጥ የሚላወሰው ነበር።

በዚያ ክረምት ለበጎ ፈቃድ ሥራ ከደብረ ታቦር ወጥተን፣ የቤተ ክርስቲያን ደን ጥግ ያለች መንደር ሰነበትን። ደኑ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ዝናቡ ካባራም በኋላ ቅጠሉ ያንጠባጥባል፤ የሚደርቅ ልብስ የለም። ሥራችን ሰውና ከብት አብረው የሚጠጡትን ምንጭ መጥረግ ነበር። በአካፋ የምናወጣው ጥቁር አረንቋ የበሰበሰ ቅጠልና እበት ነው፤ ሽታው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። አልቅቱ ደግሞ ቦቲዬ ላይ ተለጥፎ ይሳባል። ሱሪዬን ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ በሲባጎ አሰርሁ። የምጠጣውን ውሃ በነጠላዬ አጥልዬ አፈላ ስለነበር ጓደኞቼ «ይቺ ውሃም በወንፊት ካልሆነ አይወርድላት» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ።

ያረፍሁት ቆብ ከጫኑ አንዲት ባልቴት ቤት ነው፤ እማሆይ እንላቸዋለን። ያላቸው አንዲት የምትታለብ ላም ናት። ከምንጩ ስትጠጣ አልቅት አፍንጫዋ ገብቶ ትደማ ነበር። ከንፍጥ ጋር የተቀላቀለ ደም እየተዝለገለገ ግርግሙ ላይ ይወርዳል፤ ግርግሙን ከመደቤ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ሽሮው አልወርድ አለኝ። እማሆይ ግን የሚያዩት ደሙን አልነበረም። ጥጃዋ ገና ሣር አልቀመሰችም፤ እናቲቱ ከወደቀች ሁለቱም አለቁ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ባዶ ነው።

መድኃኒቱ ጥም ነው አሉኝ። ላሟ ውሃ ተከልክላ ታድራለች፤ በማግስቱ ንጹሕ ውሃ አፍንጫዋ ሥር ይቀርባል። ያን ጊዜ አልቅቱ ወደ ውሃው ብቅ ሲል በአመድ ይያዛል። የእሳቸውን ጣት ቁርጥማት አድርቆታል። የእኔን ጣቶች ልብ ብለው አዩ። ጣቶቼን ነጠላዬ ሥር ሸሸግሁ።

ላሟ ያን ሌሊት በጥም አደረች። በማግስቱ ከምንጩ ስንመለስ፣ ዶማ ሊያመጣ ቀድሞን የሄደው፣ አብሮን የሚሠራው ወጣት መምህር በሩ ላይ ጠበቀን። ከሌላ አገር የመጣ፣ አንጀቱ ቶሎ የሚራራ ልጅ ነው።

«እማሆይ፣ ላሟ በጥም ልትሞት ነበር እኮ። አንድ ባልዲ ሙሉ ጨለጠችው» አላቸው ደስ ብሎት።

እማሆይ ባልዲውን አንስተው ውስጡን አዩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ልጄ፣ ያጠጣኸው አልቅቱን ነው።»

አልገባውም። ነገሩን ሳስረዳው ወጥቶ ዝናቡ ላይ ቆመ። አልቅቱ ጠግቦ ተመለሰ፤ ጥሙ እንደገና ከመጀመሪያው ሊጀመር ነው። ላሟ ደግሞ ጉልበቷ መብረክረክ ጀምሯል። ሌላ ሌሊት መቻሏን እማሆይም አላወቁም፤ ብቻ አሰሯት።

ሲነጋ ቆማ አገኘናት። ምላሷ ደርቆ ወጥቷል። መምህሩ እንዳትጠጣ ቀንዷን ያዘ፣ እማሆይ ንጹሕ ውሃ የሞላውን ገበቴ አቀረቡ። ከአፍንጫዋ ቀዳዳ አንድ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ተመዞ ውሃውን ነካና ተመልሶ ገባ። ደግሞ ወጣ። ጣቶቼን አመድ አስነክቼ ያዝሁት። ይቀዘቅዛል፤ ይለሰልሳል፤ ግን ይታገላል። እንደ ላስቲክ ተለጠጠ።

«አትንጪው፣ ይበጠሳል። ቀስ እያልሽ ሳቢው» አሉኝ እማሆይ በጆሮዬ።

ሳብሁት። ከረጋ ደም ጋር እጅጌዬ ላይ ወደቀ። ወደ ግድግዳው ዞሬ የበላሁትንም ያልበላሁትንም አስመለስሁ።

እማሆይ አልቅቱን በድንጋይ ፈጩትና ወደ መምህሩ ዞሩ። «በል አሁን አጠጣት» አሉት።

ሮጦ ከምንጩ አንድ ባልዲ አመጣ። ላሟ አንገቷን ስትዘረጋ አፌን እየጠረግሁ አስቆምሁት። ነጠላዬን ባልዲው ላይ ወጥሬ ያዝሁና በዚያ አጥልሎ ገበቴው ውስጥ እንዲገለብጠው ነገርሁት። የሳቀ አልነበረም። ጨርቁ ላይ ቅጠልና ዝቃጭ ቀረ፤ ከመሃሉም እንደ ክር የቀጠነ አንድ ጥቁር ነገር ተኮማተረ።

ነጠላዬን ለእማሆይ ተውሁላቸው። እኔ ከእንግዲህ ትከሻዬ ላይ አላደርጋትም።