አርባ የፒዮኒ ዘር

ሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም "ተኳሿ" ነው የሚላት። አዲስ ጥበቃ በተቀጠረ ቁጥር "ተኳሿ ገብታለች?" ብለው ሲጠይቁት ይደነግጣል። ኋላ ነገሩ ሲገባው፣ ቀጭን፣ ሰማያዊ ሽርጥ የታጠቀች የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ሆና ሲያገኛት፣ በራሱ ይስቃል። የምትተኩሰው አንሶላ ነው። ምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ እርጥቡን አንሶላ በሁለት የጋሉ ብረቶች መሀል ታስገባለች፤ በወዲያኛው በኩል ደርቆ ሲወጣ ተቀብላ ታጥፋለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስታደርግ ኖራለች። የሁለቱም እጆቿ አውራ ጣቶች ከሙቀቱ የተነሳ ቆዳቸው እንደ ተረከዝ ጠንክሯል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ገብታ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ትወጣለች። ሌላው ሠራተኛ ሲወጣ "እፎይ" ይላል። እሷ ግን የምትሄደው ወደ ሁለተኛው ሥራዋ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ሁለት ክፍል ቤቷ ውስጥ ታላቅ እህቷ ትጠብቃታለች። እትዬን ስትሮክ ከመታት አራት ዓመት ሆኗታል። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ እንደ ድሮው አይታዘዟትም፤ ቃልም አንድ በአንድ እየተጎተተ ነው የሚወጣላት። እኩለ ቀን ላይ ጎረቤቷ ብቅ ብላ ታያታለች፤ የቀረው ሁሉ፣ ማንሳቱም ማጠቡም ማጉረሱም፣ የተኳሿ ነው። አንዳንድ ቀን አልጋ ስትቀይር "ሥራ ቦታ የሰው አንሶላ፣ ቤት የእትዬ አንሶላ" ብላ ለራሷ ታጉረመርማለች።

እትዬን ለሌላ ሰው መስጠት ግን የማይታሰብ ነው። እናታቸው ስትሞት ተኳሿ ሰባት ዓመቷ፣ እትዬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እትዬ ልብስ ሰፊ ሆና፣ ቀን ከሌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ነው ታናሿን ያሳደገቻት። ቁጡ ነበረች። የተጣመመ ስፌት ካየች ልብሱ የማንም ይሁን የማን ትተረትረዋለች፤ ታናሿም ደብተሯ ላይ ፊደል ካጣመመች ገጹን ቀድዳ እንደገና ታስጽፋታለች። አሁን ያ ሁሉ ቁጣ በሦስት ቃል ተጠቃሏል፦ "አይ"፣ "ተዪው" እና "ገና"። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ቀኝ እጇን እንድታሠራበት የጎማ ኳስ ሰጥታት ነበር። በግራ እጇ አንስታ ግድግዳው ላይ ወረወረችው።

ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ቀዝቀዝ ማለት በጀመረበት ሰሞን፣ ተኳሿ ጫማዋን አውልቃ ከማጠቢያ ክፍሉ በስተጀርባ ያለው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነበር። የግቢው አትክልተኛ፣ ጡረታቸው የደረሰ ሽማግሌ፣ ባልዲ ይዘው ሲያልፉ አዩዋት።

"ምነው እህቴ፣ እንዲህ የጠወለግሽው?"

"እንቅልፍ ነው ጋሼ። እንቅልፍ ካየሁ ቆየሁ።"

ሽማግሌው ባልዲውን አስቀመጡና ከደረት ኪሳቸው ኪኒን የሚሰጥበት ትንሽ ፖስታ አወጡ። ውስጡ አተር የሚያካክሉ፣ የሚያብረቀርቁ ጥቁር ዘሮች ነበሩ። በዋናው መግቢያ በኩል ካሉት ፒዮኒዎች የለቀሟቸው ናቸው፤ እነዚያ ጽጌረዳ የሚመስሉ፣ ግን ከጽጌረዳ የሚወፍሩ አበቦች።

"አርባ ናቸው። ውሰጂያቸው።"

"ጋሼ፣ ሌላ የምንከባከበው ነገር ነው የሚሰጡኝ? እኔ መቼ አንሶኝ!"

"ይሄ እንክብካቤ አይፈልግም። የሚፈልገው መረሳት ነው" አሉና በጣታቸው እየቆጠሩ አስረዷት። ቅርፊቱ ድንጋይ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፈግ ይደረጋል። ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ የሚንሳፈፈው ባዶ ነውና ይጣላል። ከዚያ እርጥብ አሸዋ ባለበት ፌስታል ውስጥ ገብቶ ሦስት ወር ያህል ሞቅ ባለ ቦታ ይቀመጣል፤ በሙቀቱ ሥር ብቻ ያወጣል። ሥር ሲያወጣ ደግሞ ፍሪጅ ይገባል፤ ብርዱን ካልጠገበ ቅጠል አያወጣም።

"ከዚያስ ያብባል?"

"ከዚያማ አራት አምስት ዓመት ነው።"

ተኳሿ ሳቀች። ከሳቀች ብዙ ጊዜ ሆኗት ስለነበር ሳቋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። "አይሆንም" ማለቱ ደግሞ ከመቀበሉ በላይ የሚያደክም መሰላትና ፖስታውን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ የመጀመሪያውን ዘር መፈግፈግ ያዘች። ዘሩ ከደነደነው ጣቷ እየተንሸራተተ ወለሉ ላይ ይንከባለላል። ሦስት ጊዜ ተንበርክካ ለቀመችው። በአራተኛው "ኧረ ገደል ይግባ!" ብላ ልትነሳ ስትል፣ እትዬ ከወንበሯ ሆና ግራ እጇን ዘረጋች።

"ስ... ስጪኝ።"

ተኳሿ ያን ቃል ከእሷ ከሰማች ዓመት አልፏት ነበር። ሰጠቻት። እትዬ የብርጭቆ ወረቀቱን በጉልበቷና በጠረጴዛው ጠርዝ መካከል አጣበቀችው። ዘሩን በግራዋ አንስታ በዚያ በማይታዘዘው ቀኝ እጇ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሀል አስገባችው። ወደቀ። እንደገና አስገባችው። ወደቀ። ግንባሯን አልቧት፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ግማሽ ሰዓት ፈጅታ አንዱን ዘር ፈገፈገች፤ ከዚያም ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ እንደ ስፌት መረመረችው። አልወደደችውም። ደገመችው።

አርባውን ለመጨረስ አሥራ አንድ ቀን ፈጀባት። ተኳሿ "ነይ ላግዝሽ" ስትላት መልሱ "አይ" ነበር። ውሃ ውስጥ ሲገቡ ዘጠኙ ተንሳፈፉ። እትዬ በእነዚያ በዘጠኙ ቀኑን ሙሉ አኩርፋ ዋለች።

የተረፉት ሠላሳ አንዱ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ገብተው ከውሃ ማሞቂያው አጠገብ ተሰቀሉ። ወር አለፈ፤ ምንም የለም። ሁለት ወር አለፈ፤ አሁንም ምንም። ሥራውም ያው፣ ደረጃውም ያው፣ አንሶላውም ያው ነው። በዚያ መሀል ከተኳሿ የሥራ ጓደኞች አንዷ ታማ ቀረችና የእሷም ድርሻ ተኳሿ ላይ ተደረበ። ማታ ማታ እትዬን ከወንበር ወደ አልጋ ስታዛውር ወገቧ ቀጭ ይላል። እትዬ ፌስታሉን በዓይኗ ታሳያታለች፤ ተኳሿም አውርዳ ብርሃን ላይ ትይዘዋለች።

"አለ?"

"የለም።"

"ገና" ትላለች እትዬ፣ እሷኑ እንደምታጽናና።

በሦስተኛው ወር መጀመሪያ ላይ ነው የአንዱ ቅርፊት ተሰንጥቆ ነጭ ክር የመሰለ ነገር የታየው። በሳምንቱ ሦስት ሆኑ፤ ወሩ ሳያልቅ አሥራ አንድ። የቀሩት ሃያዎቹ ሳይሰነጠቁ ቀሩ። ሥሮቻቸው የጣት አንጓ ሲያህሉ ተኳሿ አዲስ አሸዋ ባለው ፌስታል አድርጋ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከታችኛው መሳቢያ ከተተቻቸው።

እትዬ አንድ ወንድ ልጅ አላት። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ አርባ ሞልቶታል። በሁለት ወር አንዴ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፤ እናቱን ግንባሯን ይስማል፤ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ እግሩን ሲያወዛውዝ ቆይቶ "መንገድ አለብኝ" ብሎ ይሄዳል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እናቱን እንደዚያ ሆና ማየት አይችልም፤ አለመቻሉን ደግሞ ማንም እንዲያውቅበት አይፈልግም።

ዘሮቹ ፍሪጅ ከገቡ በአምስተኛው ሳምንት፣ ተኳሿ ሥራ ላይ ሳለች መጣ። ጎረቤቷ ከፈተችለት። ከእናቱ ጋር ምን እንደሚያወራ ስለጠፋው እጅጌውን ሰብስቦ ቤት ማጽዳት ጀመረ። ወለሉን ወለወለ፣ ምድጃውን ፈገፈገ፣ ፍሪጁን ባዶ አድርጎ አጠበ። እትዬ "አይ! አይ!" ብትለው "ግዴለም እማ፣ አልደከመኝም" አላት።

ተኳሿ ስትገባ ቤቱ ያበራል። አመስግናው ውሃ ልትጠጣ ፍሪጁን ከፈተች። መሳቢያው ባዶ ነው።

"እዚህ የነበረው ፌስታልስ?"

"ያ የሻገተ አሸዋ? ጣልኩት እኮ አክስቴ። ምን ሊያደርግልሽ ፍሪጅ ውስጥ..."

ቀጥሎ የሆነውን ተኳሿ ራሷ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አታስታውሰውም። የያዘችው ብርጭቆ ወለሉ ላይ ነበር፤ ድምጿ ደግሞ እስከ ምድር ቤት ይሰማል።

"ማን አጽዳ አለህ? አራት ዓመት የት ነበርክና ነው ዛሬ የምታጸዳው? ብርቱካን! ብርቱካን ታጥባታለች? ብርቱካን ታነሳታለች? ደከመኝ! ሰማህ? እናትህን ማንሳት ደከመኝ፣ ማጠብ ደከመኝ፣ ስትነቃ ደከመኝ፣ ስትተኛም ደከመኝ!"

ከዚያ ዞር ስትል እትዬ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ታያታለች። ተኳሿ አፏን በእጇ ያዘች። ሾፌሩ ወለሉን እያየ ቆመ።

"እ... እኔም" አለች እትዬ።

"ምን አልሽ እትዬ?"

"እኔም። ደ... ደከመኝ።" እስትንፋሷን ሰበሰበች። "መ... መነሳት። በሰው እጅ። ደከመኝ።"

ተኳሿ ወንበሩ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። እትዬም አለቀሰች። ግን እትዬ ስታለቅስም ግራ እጇን አንስታ፣ ልጇን ትኩር ብላ እያየች፣ በጣቷ በሩን ጠቆመችው። ወደ ታች፣ ወደ ቆሻሻ ገንዳው።

ሾፌሩ የመኪናውን ጓንት አድርጎ ወረደ። ከሰዓት በኋላ ስለነበር የሠፈሩ ሰው ሁሉ ከሥራ ይገባል፤ ያ ግዙፍ ሰውዬ እስከ ወገቡ ገንዳው ውስጥ ገብቶ የድንች ልጣጭ ሲያገላብጥ እያየ ያልፋል። "ወርቅ ጠፋብህ?" አለው አንዱ። "ዘር" አለ ሾፌሩ፤ ሌላ የሚያስረዳው ነገር አልነበረውም። ፌስታሉ ተቀድዶ ነበር። አንድ ሰዓት ፈልጎ ስምንቱን በመዳፉ ይዞ ወጣ። ቧንቧ ከፍቶ ሊያጥባቸው ሲል ሥሮቹ እንዳይሰበሩ ሁለቱ እህትማማቾች እኩል ጮኹበት።

በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሾፌሩ ብርቱካን አልያዘም።

"እሁድ እሁድ እኔ ልሁን" አለ። "እንዴት እንደምታነሻት አሳይኝ። ከዚያ ውጪና የፈለግሽበት ሂጂ።"

አሳየችው። ክንዱ የጭነት ገመድ የለመደ ስለሆነ ሲያነሳት ከመጠን በላይ አነሳት፤ እትዬ "ቀስ!" አለችው፣ ጥርት አድርጋ። ተኳሿ ኮቷን ለብሳ ወጣች። መንገድ ላይ ስትቆም ግን የምትሄድበት እንደሌላት ተረዳች። የመጣውን አውቶቡስ ተሳፈረችና መስኮት ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። መጨረሻ ፌርማታ ላይ የአውቶቡሱ ሾፌር ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

"እህቴ፣ ደረስን እኮ።"

"እባክህ እዚያው መልሰኝ" አለችው፤ ሲመለስም ተኛች። አራት ጊዜ ተመላለሰች።

የእህቷ ልጅ እሁዶቹን ሁሉ አልጠበቀም። ጭነት ሲኖርበት ይቀራል፤ በቀረ ቁጥር ደግሞ ደውሎ የማይታመን ረጅም ምክንያት ይደረድራል። ከአራቱ ሦስቱን ግን ይመጣል። ተኳሿም ያንን አገኘሁ ብላ ትተኛለች።

ብርዱ ሲያልፍ ስምንቱን ከፍሪጅ አውጥተው በስምንት አሮጌ ቆርቆሮ አፈር ውስጥ አድርገው መስኮት ላይ ደረደሯቸው። ሦስቱ በስብሰው ቀሩ። ከአምስቱ ግን፣ ለሦስት ሳምንት ያህል ምንም ሳይታይ ቆይቶ፣ ቀይ የክብሪት ራስ የመሰለ ነገር አፈሩን ገፍቶ ወጣ። ኋላም አንዳንድ ቅጠል ዘረጉ። ሌላ ምንም የለም፤ አንዳንድ ቅጠል ብቻ። ተኳሿ ደስ ብሏት ውሃ ስታጠጣ እትዬ ከኋላዋ ተናገረች።

"ውሃ... አበዛሽበት። ይበሰብሳል።"

ከስትሮኩ ወዲህ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ቁጣ ሆነ። ተኳሿ ጣሳውን አስቀምጣ "እሺ እትዬ" አለች፤ ልክ እንደ ሰባት ዓመቷ።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሽማግሌው አትክልተኛ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ቤት ድረስ መጥተው ቡቃያዎቹን አይተዋል። በማግስቱ ከአምስቱ ቡቃያ አንዱ ሞተ፤ እትዬ እስካሁን ድረስ "እሳቸው ነክተውት ነው" የምትል ይመስላል። የእትዬ ቀኝ እጅ ኩባያ ይይዛል፤ የሹራቧን ቁልፍ ጊዜ ከተሰጣት ትቆልፋለች። ከዚህ በላይ እንደማይሄድ ሐኪሙ ነግሯቸዋል። እግሯ ደግሞ ዘንድሮ ብሶበታል። ተኳሿም በሃያ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የክፍል ኃላፊዋ ቢሮ ገብታ፣ ከማሽኑ ወርዳ ቁጭ ብለው አንሶላ የሚቆጥሩበት ጠረጴዛ ላይ እንድትመደብ ጠይቃለች። መልሱ ገና አልመጣም።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታቸው ቆርቆሮዎቹን እያየች "ቀለማቸው ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀች።

"አይታወቅም" አለች ተኳሿ። "ከዘር ሲወጣ እናቱን ላይመስል ይችላል ብለውኛል አትክልተኛው። ሁለት ሦስት ዓመት ይቀራቸዋል።"

"እስከዚያ ማን ይጠብቃል!" አለች ጎረቤታቸው።

እትዬ ሹራቧን መቆለፍ ላይ ነበረች። ሦስተኛው ቁልፍ አልገባ ብሏታል። ቀና ሳትል "እኛ" አለችና ወደ ቁልፏ ተመለሰች።