የታጠቡት ሳንቲሞች

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ አስመራ እንደተመለስኩ ያገኘሁት ሥራ፣ የጥንት ዕቃ በሚቀመጥበት አንድ ክፍል ውስጥ የሮማ ሳንቲሞችን መለየት ነበር። ያስተማሩኝ ክፍሉን የሚመሩት ሽማግሌ ጣሊያናዊ ናቸው። መጀመሪያ የንጉሡ ራስ ይታያል፤ የደፋው የጨረር አክሊል ነው ወይስ የቅጠል? ጢም አለው? ቀጥሎ በጠርዙ ዙሪያ የተጻፈው ስም ይነበባል። ከዚያ ይገለበጣል፤ ከጀርባው ሥዕል እግር ሥር ያሉት ጥቃቅን ፊደላት የት ከተማ እንደተሠራ ይናገራሉ። ለእኔ ዓይነቷ ሰው የተመቸ ሥራ ነበር። ማንንም ሳላናግር እውላለሁ።

ሽማግሌው አጥብቀው የሚከለክሉኝ አንድ ነገር ነበር። “ሲኞሪና፣ ማጠብ የለም” ይሉኛል። ሳንቲሙ የት እንደኖረ የሚመሰክሩት አረንጓዴው ዝገትና በፊደላቱ መሃል የደረቀው አፈር ናቸው።

ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ጠቅላይ ግዛት ከሆንን ወዲህ፣ በከተማው ሰው የሚያወራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። እኔ በተፈጥሮዬ ስለምንሾካሾክ ለውጡን ያስተዋልኩት ከሌሎች ዘግይቼ ነው።

አንድ ጠዋት አንድ መቶ አለቃ ከወታደሩ ጋር መጣ። በመሃላቸው ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ፣ ነጠላዋን አጥብቃ የተከናነበች የቃሓውታ ሰፈር ሴት ነበረች። ጣሳ ይዛለች።

“ባሏ ታስሯል” አለኝ መቶ አለቃው። “የባሕር ማዶ ገንዘብ ቤቱ ደብቋል፣ ሽፍቶቹ የከፈሉት ነው ብሎ ጎረቤት ጠቆመ። እሱ ደግሞ ዙላ፣ የጥንቱ ወደብ ዘንድ፣ ጉድጓድ ስቆፍር ከመሬት ያወጣሁት ነው ይላል። ከመሬት ከወጣ ዛሬውኑ ቤቱ ይገባል። ካልሆነ ከእኔ እጅ ወጥቶ ወደ በላይ ያልፋል። ሚስቱን ሳንቲሞቹን አምጪ አልናት፤ ይኸው።”

ወደ በላይ ያለፈ ሰው ወሬው እንኳ እንደማይሰማ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሴትዮዋ ጣሳውን ከፈተች። ሳንቲሞቹ እንደ አዲስ ድስት ያብለጨልጫሉ።

“ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ምን አደረግሻቸው?” አልኳት በትግርኛ።

“አጠብኳቸው” አለች፣ እንደ መኩራት ብላ። “ያን ሁሉ ጭቃ ይዤ ሹም ፊት እንዴት ልቁም? በሎሚና በአመድ ትናንት ሙሉ ቀን ስፈትጋቸው ዋልኩ። እጄን እዪው።”

ጣቶቿ ተልጠዋል። በዓል ሲደርስ የመዳብ ዕቃችንን ሁላችንም የምናጸዳው እንደዚያው ነው፤ እኔም ከእናቴ ጋር ስፈትግ ነው ያደግሁት። ሽማግሌው ጣሳውን አይተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

“ምን አለች?” አለ መቶ አለቃው።

ተረጎምኩለት።

“ጮክ በይ እንጂ እህቴ! እዚህ ቤት ድምፅም እንደ ዕቃው ተቆልፎበት ነው?”

ማጉያ መነጽሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ከአብዛኞቹ ላይ ስሙ በአመድ ተፍቆ ሄዷል። የነገሥታቱ ጉንጭ ለስልሷል። ከአንዱ ላይ የጨረር አክሊል፣ ከሌላው ጀርባ ላይ ሚዛን የያዘች ሴት ለየሁ።

“የሮማ ናቸው። በጣም ያረጁ ናቸው” አልኩ፣ የቻልኩትን ያህል ጮክ ብዬ።

መቶ አለቃው አንዱን አነሳ። “ይሄስ አፍንጫው ቁርጥ አጎቴን!” ወታደሩ ሳቀ። እሱ ግን ሳይስቅ ወደ እኔ ዞረ። “ማርጀታቸውን አመንኩሽ። እንዲህ ያለ ነገር ባሕር ማዶ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል?”

“ይሸጣል።”

“ታጥቦ?”

“አዎ። ታጥቦም ይሸጣል።”

“እንግዲያው ከዙላ አፈር መውጣታቸውን አሳዪኝ።”

አንድ በአንድ በመርፌ ጫፍ ፈለግሁ። በአንዱ ንጉሥ ጆሮ ኋላ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነገር ተርፋ ነበር። አሳየሁት። መነጽሩን ተቀብሎኝ ረጅም ጊዜ አየ፤ የእውነቱን ነው ያየው።

“ይሄ አፈር ነው?”

“አፈር አይደለም። የመዳብ ዝገት ነው።”

“መዳብማ ሱቅ ውስጥም ይዝጋል።”

ያለው ትክክል ነበር። ሳንቲሞቹን ጣሳው ውስጥ መልሶ ለሴትዮዋ ሰጣት። “ተራ መዳብ ነው፤ ይዘሽው ሂጂ።”

ጣሳውን ስለመለሰላት ነገሩ ያለቀ መሰላት። ጎንበስ ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ። “የቐንየለይ፣ ሓፍተይ” ብላ አመሰገነችኝ። “ዛሬ ይፈታል ማለት ነው?”

መቶ አለቃው ምን እንዳለች እንድተረጉምለት ጠበቀ። ተረጎምኩ። ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ከሳምንታት በኋላ ቪላጆ ጀኒዮ ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ከስታለች። ባሏ ተወስዷል፤ የት እንደሆነ የሚነግራት አላገኘችም። ስለ እሱ ብዙ አላወራችም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

“ማጠቤ ነው የጎዳው አሉኝ። ሳንቲሞቹን ግቢዬ ውስጥ ቀበርኳቸው” አለችኝ። “ጠዋት ጠዋት አፈሩን ውሃ አጠጣዋለሁ። እንደ ድሮው ሲሆኑ አወጣቸውና አንቺ ለመቶ አለቃው ታሳዪልኛለሽ። ምን ያህል ጊዜ ይፈልጋል?”

“ብዙ ጊዜ” አልኳት።

ለራሷ አሰላች። “እስከ ፋሲካ?”

አውቶቡሱ መጥቶ ሰው መሳፈር ሲጀምር፣ መልሴን ገና እየጠበቀች ነበር።